መጨረሻውን እያወቅን ለምን እናያለን?

የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች እንደ ወትሮው ስለ ሕንድ ፊልም ወይም ስለ ቱርክ ተከታታይ ድራማ አይደሉም። አብዛኞቹ ስለ አንድ ሰው ናቸው፤ ስለዚያ አንገቱ ከትከሻው ጋር ስለ ተዋሐደው፣ ክንዱ የሸሚዙን እጅጌ ስለሚያስጨንቀው ኮሪያዊ መርማሪ ፖሊስ፣ ስለ «ዘ አውትሎውስ»ና ተከታዮቹ ፊልሞች ጀግና ስለ ማ ሶክ ዶ። ጎንደር ፒያሳ ከፖስታ ቤቱ ወረድ ብሎ ባለችው የፊልም መጫኛ ሱቄም ነገሩ ያው ነው። ወጣቱ ፍላሹን ያቀብለኝና የፊልሙን ስም ሳይጠራ ጡጫውን ጨብጦ ያሳየኛል፤ ይገባኛል። ስለዚህ የዛሬው ዓምድ ለእርሱና ለመሰሎቹ ይሁን።

*

«እኅቴ፣ ባለቤቴ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሌላ ፊልም ሲያዩ ገና ሳይጀመር ያንቀላፋሉ። ይህን የኮሪያ ፖሊስ ግን ከአንደኛው እስከ አራተኛው ክፍል አይተው ሲጨርሱ እንደገና ከአንደኛው ይጀምራሉ። ሁሉም ያው አንድ ታሪክ አይደለም ወይ? ፖሊሱ እንደሚያሸንፍ ሕፃኑም ያውቃል። ምኑ ነው የሚጥማቸው?»
(ከአዘዞ)

እኅቴ፣ ያው አንድ ታሪክ ነው፤ አልሸሽግዎትም። አንድ ጨካኝ ሰው ከየት መጣ ሳይባል ይመጣል። ድሃውን ያስለቅሳል፤ የሰፈሩን ወንበዴዎች ሳይቀር ያንቀጠቅጣል። ፖሊሱ ደግሞ እየቀለደ፣ ከባልደረቦቹ ጋር እየበላ፣ አለቃውን እያናደደ ይከታተለዋል። በመጨረሻ ፊት ለፊት ይገናኛሉ። ያኔ የሚሆነውን ባለቤትዎም፣ እኔም፣ እርስዎ እንዳሉት ሕፃኑም እናውቀዋለን።

እኔ ግን የሚጥመው በዚሁ ምክንያት ነው ባይ ነኝ። «ይሞትብን ይሆን?» የሚለው ስጋት ሲነሣ ሰው ተደላድሎ ይቀመጥና አሠራሩን ማየት ይጀምራል። አዝማሪ ቤት የሚሄድ ሰው አዲስ ዜማ ፍለጋ አይሄድም። ማሲንቆው ያው ነው፣ ዜማውም ከአያቶቻችን ጋር የኖረ ነው። ሰው ጆሮውን የሚያቆመው በዚያ በሚያውቀው ዜማ ላይ ዛሬ ማታ ምን ግጥም እንደሚወርድና በማን ላይ እንደሚወርድ ለመስማት ነው።

ግጥሙ የቱ እንደሆነ ልንገርዎት። የመጀመሪያው ፊልም «ዘ አውትሎውስ» ይባላል፤ ካንግ ዩን ሶንግ ያዘጋጀው ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2017 ነው የወጣው። መነሻው እውነተኛ ነገር ነው፤ ታሪኩ በ2004 ሴኡል ውስጥ ጋሪቦንግ በሚባል፣ ከቻይና የመጡ የኮሪያ ተወላጆች በብዛት በሚኖሩበት ሰፈር ፖሊስ በወንበዴዎች ላይ ካደረገው አፈሳ የተቀዳ ነው። መጨረሻው ላይ መርማሪው ማ ሶክ ዶና የወንበዴው አለቃ በአውሮፕላን ማረፊያ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ይፋጠጣሉ። ወንበዴው ግራ ቀኙን ቃኝቶ «ብቻህን ነህ?» ይለዋል፤ ሌላ ፖሊስ እንዳለ ማጣራቱ ነው። ማ ሶክ ዶ «አዎ፣ ገና አላገባሁም» ብሎ ይመልስለታል። በሁለተኛው ፊልም ደግሞ ሌላው ወንበዴ አውቶቡስ ውስጥ መግቢያ መውጫ ሲያጣ «ገንዘቡን አምስት ለአምስት እንካፈል» ብሎ ይደራደራል። የሰውየው መልስ «አምስቱ የማን ነው?» የሚል ነው። ባለቤትዎ ተመልሰው ከአንደኛው የሚጀምሩት ቡጢውን ፍለጋ ብቻ አይመስለኝም። እነዚህን መልሶች በጊዜያቸው ሲመጡ ለመቀበል ነው።

ሌላም አለ። ተከታታይ ፊልም ሰው ያስለምዳል። ጃንግ ኢሱ የሚባለው በመጀመሪያው ፊልም የአንድ ቡድን አለቃ ሆኖ ጥርሱን ሲያፋጭ የነበረ ሰው ነው። በሁለተኛው ሲመለስ ከአለቅነቱ የቀረው ኩራቱ ብቻ ነው። በአራተኛው ማ ሶክ ዶ የማይረባ ባጅ ሰጥቶ «ከዛሬ ጀምሮ የምስጢር ፖሊስ ነህ» ብሎ ሲያሳምነው የሰውየው ደረት እንዴት እንደሚነፋ ባለቤትዎን ይጠይቋቸው። ከወንበራቸው ተነሥተው ያሳዩዎታል ብዬ እገምታለሁ። ይህ ቀልድ አንደኛውን ላላየ ሰው ቀልድ አይደለም፤ ላየው ግን የቆየ ጎረቤት ወሬ ነው።

ደግሞም ብቻቸውን አይደሉም። ደቡብ ኮሪያ ከ50 ሚሊዮን ጥቂት የሚያልፍ ሕዝብ ያላት አገር ናት። አራቱ ፊልሞች እዚያው በአገራቸው ሲኒማ ቤቶች ከ40 ሚሊዮን በላይ ትኬት ሸጠዋል። በ2022 የወጣው ሁለተኛው ብቻ ከ12 ሚሊዮን በላይ ተመልካች አግኝቷል፤ ከኮሮና ወረርሽኝ በኋላ በኮሪያ 10 ሚሊዮንን ያለፈ የመጀመሪያው ፊልም እርሱ ነው። በ2023 ሦስተኛው፣ በ2024 አራተኛውም ያንኑ ቁጥር ተሻግረዋል። አራተኛው ሲወጣ አብዛኞቹን የሲኒማ አዳራሾች ለብቻው በመያዙ «ሌላው ፊልም የት ይታይ?» የሚል ቅሬታ በአገሩ ተነሥቶ ነበር። ቅሬታው እውነት አለው። እንደ እርሱ ያለ ፊልም ገበያውን ሲይዘው ለትንሹ ፊልም ወንበር አይተርፍም። ባለቤትዎን ግን ለዚህ አይውቀሷቸው።

*

«እትዬ፣ ፖሊስ ሆኖ ለምን አይተኩስም? ሽጉጡን ቢያወጣ ሁሉም ነገር ወዲያው ያልቅ ነበር። ጓደኞቼ ‹ፊልሙ እንዳያልቅ ነው› ይሉኛል።»
(ተማሪ፣ ከማራኪ)

ጓደኞችህ ግማሹን አውቀዋል። ሌላው ግማሽ የአገሩ ሕግ ነው። በደቡብ ኮሪያ ተራ ሰው ሽጉጥ መያዝ አይፈቀድለትም። የአደን ጠመንጃ ያለው እንኳ መሣሪያው የሚቀመጠው ፖሊስ ጣቢያ ነው፤ ወደ አደን ሲሄድ ይረከባል፣ ሲመለስ ያስረክባል። ፖሊሱም በከተማ መካከል መተኮሱ ብርቅ ነው። ስለዚህ የኮሪያ ፊልም ወንበዴ የሚመጣው በቢላዋ፣ በገጀራ፣ በመጥረቢያ ወይም በቤዝቦል ዱላ ነው። ሽጉጥ የያዘ ሰው መንገድ ማዶ ቆሞ መግደል ይችላል። ቢላዋ የያዘ ግን መቅረብ ግዴታው ነው፤ ሲቀርብ ደግሞ ክንዱ የሚደርስበት ሰው አለ።

ቦታዎቹን ልብ በል። አንደኛው መጸዳጃ ቤት፣ ሁለተኛው አውቶቡስ፣ አራተኛው የአውሮፕላን ውስጥ። ይህ በአጋጣሚ የመጣ አይመስለኝም። ማ ሶክ ዶ ሯጭ አይደለም። ሰፊ ሜዳ ላይ ቀጭን ወንበዴ ሊያመልጠው ይችላል፤ በወንበሮች መካከል ግን ማምለጫ የለም። ጥበቱ ደግሞ ሁለቱንም ይፈትናቸዋል፤ ቢላዋው እንደ ልብ አይወነጨፍም፣ ቡጢውም ከሩቅ ተንደርድሮ አይመጣም። ስለዚህ ሁሉም ነገር አጭርና ቅርብ ይሆናል። ተዋናዩ ማ ዶንግ ሶክ ከልጅነቱ ቦክስ የተማረ፣ በአሜሪካ ሲኖር የስፖርት አሠልጣኝ የነበረ ሰው ነው፤ አቋሙን ብታይ ትለየዋለህ። እግሩን ይተክላል፣ አገጩን ይሸሽጋል፣ ከወገቡ ዝንብል ብሎ ቢላዋውን ያሳልፋል፤ ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ይመታል። ሌላው ተዋናይ ሃያ ጊዜ መትቶ የማያገኘውን ሳቅ እርሱ በአንድ ጥፊ ያገኛል። አዎ፣ ጥፊ። ለትናንሽ ወንበዴዎች ጡጫ አያባክንም፤ በመዳፉ ነው። የድምፅ ባለሙያዎቹም አብረው ሠርተዋል፤ ዓይንህን ጨፍነህ ብትሰማ እንኳ ማን እንደተመታ ታውቃለህ።

አራተኛውን ያዘጋጀው ሆ ምዮንግ ሄንግ ዳይሬክተር ከመሆኑ በፊት የድብድብ ትዕይንት አቀናባሪ ነበር። የዚያ ክፍል ወንበዴ ቢላዋውን ሲይዝ አይጮህም፣ አይፎክርም፤ ሥራውን እንደሚሠራ ሰው ጸጥ ብሎ ነው። አካሄዱን ብቻ አይቶ የሰለጠነ ወታደር እንደነበረ መገመት ይቻላል። የድብድብ ባለሙያ ያዘጋጀው ፊልም በዚህ ያስታውቃል።

ቪዲዮ ቤት በነበረኝ ዘመን ከአሜሪካና ከሆንግ ኮንግ ፊልሞች የሚወጣው የተኩስ እሩምታ የቆርቆሮ ጣሪያዬን ያንቀጠቅጠው ነበር፤ ደንበኞቼም ያጨበጭቡ ነበር። ዛሬ ሱቄ የሚመጡ ትልልቅ ሰዎች «ተኩስ የሌለበት አለሽ?» ብለው ይጠይቁኛል። የጎንደር ልጅ ነህና ምክንያቱን ላስረዳህ አልልም።

*

«እትዬ፣ እኔ የባጃጅ አሽከርካሪ ነኝ፤ አራቱንም ለማየት ጊዜ የለኝም። አንዱን ብቻ ይምረጡልኝ።»
(ከመናኸሪያ አካባቢ)

ሁለተኛውን፣ «ዘ ራውንድአፕ» የሚባለውን። ታሪኩ በ2008 የሚሆን ነው። ማ ሶክ ዶ እጁን የሰጠ አንድ ተጠርጣሪ ሊያመጣ ወደ ቬትናም ይሄድና ከዚያ የከፋ ሰው ያገኛል። አንደኛውን ሳታይ ይገባሃል፣ ከአንደኛው ይልቅም ያስቅሃል። ሦስተኛውን መጨረሻ ላይ አድርገው። አደንዛዥ ዕፅ ነጋዴ የሆነ ፖሊስ አንድ፣ ከጃፓን የመጣ ሰይፈኛ አንድ፣ ሁለት ክፉ ሰዎች በአንድ ፊልም ውስጥ ተጨናንቀው አንዳቸውም በቅጡ ሳያስፈሩን አለቁ።

*

«እታለም፣ የ11 ዓመት ልጄ ከጎረቤት ልጆች ጋር ይህን ፊልም እያየ እርስ በርስ መደባደብ ተምረዋል። በአማርኛ ተተርጉሞ ስለሚቀርብ ለልጅ የተዘጋጀ መስሎኝ ነበር። ልከልክለው?»
(እናት፣ ከአራዳ)

ይከልክሉት። በኮሪያ የመጀመሪያው ፊልም ለአዋቂዎች ብቻ የተፈቀደ ነው፤ መጥረቢያው ምን እንደሚሠራ ካዩ ለምን እንደሆነ አይጠይቁም። የተከተሉት ሦስቱ ከ15 ዓመት በላይ ተብለው ነው የወጡት። ልጅዎ በሁለቱም መለኪያ ገና ነው።

ትርጉሙ ያሳስታል፤ እውነትዎን ነው። በእኛ አገር ፊልም የሚተርኩት ልጆች ስድቡን ያለሰልሱታል፣ በቦታውም የራሳቸውን ቀልድ ያስገባሉ። አንዳንዴ ቀልዳቸው ከዋናው ይበልጣል፤ ይህን ስል ሙያቸውን አድናቂ ነኝ። ምስሉን ግን ማለስለስ አይችሉም። ጆሮው የሚስቀውን ዓይኑ እየደነገጠ ያየዋል። ድብድቡን በተመለከተ ግን ከእኔ ትውልድ የቪዲዮ ቤት ልጆች የባሰ አይሆንም፤ በእኛ ጊዜ ፊልሙ ሲያልቅ በር ላይ ካራቴ የማይሞክር አልነበረም።

*

«እትዬ፣ እኔ የሕግ ተማሪ ነኝ። ማ ሶክ ዶ ተጠርጣሪዎችን የራስ ቁር እያደረገ ሲደበድብ አዳራሹ ሁሉ ይስቃል። እኔም ሥቄያለሁ፤ በኋላ ግን ከበደኝ። ይህን መውደዳችን ምን ይባላል?»
(ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ)

ከዚህ ወር ደብዳቤዎች ሁሉ ያስቀመጥኩት ይህን ነበር። ላላዩት ላስረዳ፤ መርማሪዎቹ አንድ ክፍል አላቸው፣ «የእውነት ክፍል» ይሉታል። አልናገርም ያለ ተጠርጣሪ እዚያ ይገባና የሞተር ብስክሌት የራስ ቁር ይደረግለታል፤ ከዚያ ይናገራል። እንደ ቀልድ ነው የቀረበው፣ እንደ ቀልድም ይሠራል።

ነገር ግን ቀልዱ የቆመው በምን ላይ እንደሆነ ማወቅ ይገባል። እ.ኤ.አ. በጥር 1987 ፓርክ ጆንግ ቾል የሚባል የሴኡል ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በፖሊስ ምርመራ ላይ በውኃ እየተሠቃየ ሞተ። ፖሊስ ጠረጴዛ ስንመታ ደንግጦ ሞተ የሚል መግለጫ ሰጠ። ያ ውሸት ሲጋለጥ በዚያው ዓመት ሰኔ ወር ሕዝቡን ወደ አደባባይ ካወጡት ነገሮች አንዱ ሆነ፤ ወታደራዊው መንግሥትም ቀጥተኛ የፕሬዚዳንት ምርጫ ለመፍቀድ ተገደደ። ሌላም ልጨምርልህ። በህዋሶንግ በተፈጸሙ ተከታታይ የሴቶች ግድያዎች በአንዱ ተከስሶ 20 ዓመት ገደማ የታሰረ ሰው፣ የእምነት ቃሉ በማስገደድ የተገኘ መሆኑ ታውቆ በታኅሣሥ 2020 ነፃ ተባለ። እውነተኛው ገዳይ የተለየው በ2019 ነው። እንግዲህ «የእውነት ክፍል» ውስጥ እውነት ብቻ እንደማይወጣ ከኮሪያውያን በላይ የሚያውቅ የለም። እያወቁም ይስቃሉ።

ለምን ቢባል፣ በፊልሙ ውስጥ አንድ የማይገኝ ነገር ስላለ ይመስለኛል፤ ጥርጣሬ። ወንበዴው ሲገድል እኛው በዓይናችን አይተናል። ማ ሶክ ዶ ሰው አይሳሳትም፣ ንጹሕ ሰው አይመታም፣ ጉቦ አይበላም። በሕይወታችን እንዲህ ያለ እርግጠኝነት ስለማናገኝ ነው ለዚያ ትኬት የምንከፍለው። አንተ የሕግ ሰው ስለሆንክ የጎደለው ቶሎ ታየህ፤ ሙያህ ጥርጣሬ ነውና።

የኮሪያ ፊልም ሠሪዎች ራሳቸው ይህን አልሸሹትም። ማ ሶክ ዶ ከመምጣቱ ብዙ ዓመት በፊት፣ በ2002 ካንግ ዉ ሶክ «ፐብሊክ ኤነሚ» በሚለው ፊልም ያቀረበው መርማሪ ራሱ እጁ የቆሸሸ ነበር፤ የገዛ ወላጆቹን የገደለ ባለገንዘብ ሲያገኝ ነው ከእርሱ የባሰ እንዳለ አውቆ ሰው መሆን የሚጀምረው። በ2015 ሪዩ ሱንግ ዋን ባዘጋጀው «ቬተራን» ደግሞ መርማሪው የሚገጥመው የትልቅ ኩባንያ ወራሽ ነው። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በ2010 አንድ የባለሀብት ቤተሰብ አባል የሆነ የኩባንያ ኃላፊ የቦቴ አሽከርካሪን በቤዝቦል ዱላ ደብድቦ ገንዘብ እንደ ካሳ መስጠቱ አገሩን አስቆጥቶ ነበር። በፊልሙም የሚበደለው የከባድ መኪና ሾፌር ነው። «ገንዘብ የለንም እንጂ ክብር መች አጣን» የሚለው የመርማሪው ንግግር በኮሪያ እንደ ተረት ሆኗል። የመጨረሻው ድብድብ በሴኡል የገበያ ጎዳና ላይ፣ ሕዝቡ በስልኩ እየቀረጸ ነው። መርማሪው መጀመሪያ ዝም ብሎ ምቱን ይቀበላል፤ ካሜራው ራሱን ሲከላከል እንዲያገኘው። ሕጉን በብልኃት ይጠቀምበታል እንጂ አያፈርሰውም። እኔ ከሁሉም የምወደው ትዕይንት ይኸው ነው።

ተከታዩ በ2024 ሲወጣ ግን ሪዩ ሱንግ ዋን ጥያቄህን ያነሣል። ከሕግ ያመለጡ ወንጀለኞችን እየለቀመ የሚገድል ሰው ይመጣል፤ ሕዝቡም በኢንተርኔት ያጨበጭብለታል። መርማሪው ያንን ጭብጨባ ሲሰማ ያለፈውን የራሱን ቡጢ ማሰብ ይጀምራል። የመጀመሪያው «ቬተራን» ከ13 ሚሊዮን በላይ ተመልካች ነበረው፤ ተከታዩ ከ7 ሚሊዮን ጥቂት አለፈ። ትንሽ ቁጥር አይደለም፤ ግን ሰው ለመሳቅ የገባበትን አዳራሽ ለመጠየቅ ሲመልሱበት ግማሹ ቤቱ ይቀራል። አንተ ግን እየው።

*

«እትዬ፣ እኔና ታናሽ እኅቴ ተጣልተናል። እኔ የሁለተኛው ክፍል ወንበዴ ይበልጣል እላለሁ፤ እርስዋ የመጀመሪያውን ትላለች። እርስዎ ይፍረዱን።»
(ሁለት እኅትማማቾች፣ ከፒያሳ)

ክርክራችሁ የፊልሞቹን ትልቅ ዘዴ ነክቷል። ጀግናው ስለማይለወጥ የሚለወጠው ክፉው ነው፤ ስለዚህ ዋናው ምርጫ ያለው እዚያ ነው። እነርሱ ደግሞ ለክፋት የሚመርጡት ሰው ሁሉ የሚወደውን ፊት ነው። የሁለተኛው ወንበዴ ሶን ሶክ ኩ ፊልሙ በወጣበት ሰሞን በቴሌቪዥን ድራማ የሴቱን ሁሉ ልብ ይዞ ነበር። የሦስተኛው ሊ ጁን ህዩክ መልከ መልካምነቱን ለማጥፋት ይመስላል ለሚናው ብዙ ኪሎ ጨምሮ ነው የመጣው። የመጀመሪያው ዩን ኬ ሳንግ ከዚያ በፊት የወጣቶች የሙዚቃ ቡድን አባል የነበረ ዘፋኝ ነው፤ በለስላሳ ሚና የሚታወቅ።

ሶን ሶክ ኩ ያስፈራል፣ አልክድም። ገጀራውን ይዞ ሲገባ ቤቱ ይጠባል። ነገር ግን የእርሱ ማስፈራት ከገጀራው ጋር ይወጣል፣ ከገጀራው ጋር ይመለሳል። የመጀመሪያው ፊልም ወንበዴ ጃንግ ቼን ግን ተቀምጦም ያስፈራል። ምግብ ቤት ውስጥ ክሬይፊሽ የሚባለውን የወንዝ እንስሳ በጣቱ እየፈለጠ ሲበላ ማንንም አልነካም፤ አፋችንን ይዘን እናየዋለን። አንድ ሰው «እኔ ማን እንደሆንኩ ታውቃለህ?» ብሎ ሊያስፈራራው ሲሞክር፣ ድምፁን ሳያነሣ «ገንዘቤን ልቀበል ነው የመጣሁት፤ ያንንም ማወቅ አለብኝ?» ይለዋል። ሥልጣን፣ ዝና፣ ዘር፣ ምንም የማይገደው ሰው ነው። ማ ሶክ ዶ ከእርሱ በኋላ ከገጠማቸው አብዛኞቹ ይዝታሉ፤ ያ ግን ሂሳብ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ታናሺቱ ረትታለች፤ ታላቂቱ ቡና ታፍላ።